የእትዬ ሾርባ

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔን የጣለኝ ሾርባ ነው። ጠላት አብስሎት ቢሆን እኮ አይቆጨኝም ነበር። ያበሰለችው የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ እህቴ ናት።

ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። ጉልበቶቼ ግን እኔን መሸከም እንቢ አሉ። የአጥንት ሐኪሙ፣ "ሠላሳ ኪሎ ካልቀነስሽ ለጉልበትሽ ቀዶ ጥገና አላደርግም፤ ተራሽን የምጠብቅልሽ አንድ ዓመት ነው" አለኝ። ያልሞከርኩት የለም፤ አልሆነም። በመጨረሻ በቀዶ ጥገና ጨጓራዬ አናት ላይ ቀለበት አሳሰርኩ፤ በትንሽ ምግብ እንድጠግብ።

እትዬ ልታስታምመኝ እኔ ዘንድ ገባች። እሷም እንደኔ ወፍራም ናት፤ ሰፈሩ "በርሜሎቹ መጡ" ሲለን አብረን እንስቅ ነበር። ወደ ሥራ ስመለስ በየጠዋቱ የአትክልት ሾርባ በፔርሙስ ታሲዘኛለች። "እትዬ፣ ካንቺ እጅ ውሃም ይጣፍጣል!" እላታለሁ፣ እኔ ሞኟ።

ኪሎዬ ንቅንቅ አልል አለ። ቀለበቱን ያሰረልኝ ሐኪም፣ "ተደብቀሽ ትበያለሽ" አለኝ። ብምል ብገዘት ማን ይመነኝ! ቀለበቱን ሦስት ጊዜ አጠበቀው። የጎረስኩት ሁሉ ይመለሳል። ሳስመልስ ሳህን የምትይዝልኝ እትዬ ናት። "ለኔ ያርገው" እያለች ጀርባዬን ታሻለች።

ዓመቱ ሞልቶ የአጥንት ሐኪሙ ጋ የምቀርብበት ቀን ጠዋት፣ ቀደም ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ ሾርባዬ ላይ ክሬም ትገለብጣለች፤ ቅቤውም ከጎኗ አለ። ቀለበቱ ፈሳሽ እንደማያግድ ያሰረልኝ ሐኪም ሲነግረኝ አጠገቤ ተቀምጣ ሰምታለች።

"ምንድነው የምታደርጊው?"

ደነገጠች። "አንቺ ከቀጠንሽ..." አለች፣ "አንቺ ከቀጠንሽ የሚሳቀው በእኔ ብቻ ነው።"

"ሳስመልስ ሳህን ይዘሽልኝ! አንጀትሽ እንዴት ጨከነ?"

አለቀሰች። እኔ ግን አላዘንኩላትም፤ ውስጤ አርሮ ነበር።

የአጥንት ሐኪሙ መዘነኝ። ከዓመት በኋላ የቀነስኩት ሁለት ኪሎ። "ተራሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" አለኝ። እህቴ ናት ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ማን እህቱን እንዲህ ብሎ ይከሳል?

ስወጣ እትዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሳልጠራት ተከትላኝ መጥታ ነው። ክንዷን ዘረጋችልኝ። ዓይኗን ማየት አስጠላኝ። ደረጃውን ግን ብቻዬን መውረድ አልችልም። ያዝኳት።