ስድስተኛው እጀታ

ሁለቱ እህትማማቾች የቴአትር ቤት መብራት ጠጋኞች ናቸው። ወርክሾፑንም ሙያውንም የተዉላቸው አባታቸው ናቸው። ታላቂቱ ጥርሷን የነቀለችው ከአባቷ ጎን ሆና ነው፤ ታናሿ ግን ሌላ ሌላውን ስትሞካክር ቆይታ ዘግይታ ነው የመጣችው። መጣችና ሁሉም ነገር እሷን እሷን ይል ጀመር።

አዲስ ተውኔት የሚያሰናዳው አዘጋጅ፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተቀደዱ መጋረጃዎች ሥር የኖረውን አሮጌ የመብራት ሰሌዳ እንዲያስነሱለት ጠየቀ። ሰሌዳው የብረት ገበታ ነው፤ ፊቱ ላይ ወደ ላይ ሲገፉት መብራቱን የሚያደምቅ፣ ወደ ታች ሲስቡት የሚያደበዝዝ እጀታ ተደርድሮበታል። ድሮ የተከሉት አባታቸው ነበሩ።

«እትዬ፣ ፊቱንና እጀታውን እንዳለ እንተወው» አለች ታናሿ ክዳኑን ከፍታ። «ሆድ ዕቃውን ግን አውጥተን በአዲስ እንለውጠው።»

«የአባባን የእጅ ሥራ ልትጥይው ነው?»

«እንዲሠራ ነው እንጂ! እንዲህ ተቃጥሎ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል?»

ታላቂቱ የተቃጠለውን ብቻ እየነቀሉ፣ የጥንቱን ዓይነት ዕቃ አፈላልጎ መተካት ነበር ሐሳቧ። አዘጋጁ ሁለቱንም ሰማና ወደ ታናሿ ዞረ። «ያንቺ ይሁን» አላት። ታላቂቱን ደግሞ «አንቺ እጀታዎቹን ትወለውያለሽ» ቢላት ጊዜ ደሟ ፈላ። መወልወያ ጨርቁን ግን አነሳች።

ሰሌዳው ነፍስ ሲዘራ ተዋናዩም ጥበቃውም ሊያይ መጣ። «እጅሽ ይባረክ» የሚባለው ለታናሿ ነው። ታላቂቱ ይህን ሁሉ ችላው ነበር። አንድ ጠዋት ግን እናታቸው ደወሉና «ትንሿ ቁርጥ አባቷ ወጣች አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት። «እውነት ነው እማዬ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚታይበት ቀን፣ ታናሿ ልብስ ልትቀይር ወጣ ስትል፣ ታላቂቱ ካቻቪቴዋን አንስታ የሰሌዳውን የኋላ ክዳን ከፈተችና የስድስተኛውን እጀታ ሽቦ የያዘውን ብሎን አላላች። ያ እጀታ የሚያዘው በመጨረሻው ትዕይንት፣ ልጇን የምትጠብቅ እናት አጠገብ ካለው መስኮት የሚገባውን ብርሃን ነው። ማንም አይጎዳም፤ ታናሿ ብቻ ታፍራለች።

ሰዓቱ ደረሰ። ታናሿ እጀታውን ቀስ አድርጋ ስትስበው የመስኮቱ ብርሃን በእርጋታ መደብዘዙን ትቶ ተንቀጠቀጠ፤ ጠፋ፣ በራ፣ ደግሞ ራደ። ፊቷ አመድ መሰለ። የታላቂቱ ልብ በደስታ ዘለለ።

መድረክ ላይ ያለችው ግን ብዙ ያየች ተዋናይት ነበረች። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አንስታ፣ ጽሑፉ ላይ የሌለውን፣ «አንተም ልትተወኝ ነው?» አለችው ብርሃኑን። ወዲያው ከወደ ኋላ አንድ ሰው ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ተሰማ። መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ።

አዘጋጁ እየሮጠ መጥቶ ታናሿን አቀፋት። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ! ይህ መንቀጥቀጥ ነገም ይደገም!»

ታላቂቱ ወደ ጥግ ሄዳ ገመድ መጠቅለል ጀመረች። እኔ ነኝ ብትል ጉዷ ይፈላል፤ ዝም ብትል ምስጋናው የእህቷ ነው።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ታናሿ ክዳኑን ከፈተች። ብሎኑን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ይህን ክዳን ከእኔና ካንቺ በቀር የሚከፍተው የለም» አለች።

ታላቂቱ ገመድ መጠቅለሏን ተወች። «ቀናሁብሽ» አለች።

«በሰው ፊት ብታዋርጂኝ ምን ታገኚ ነበር?»

«እኔ እንጃ። እማዬ ትሰማ ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ።»

ታናሿ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጀርባዋን ሰጥታት ብሎኑን አጥብቃ አሰረች። ክዳኑን ገጥማም «የላላ ብሎን ነገ ብርሃኑን እንዲሁ አያንቀጠቅጠውም። በእጅ ማንቀጥቀጥ ትችያለሽ?» ስትል ጠየቀች።

«አባባ አስተምረውኛል።»

«እንግዲያስ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

በማግስቱ ታላቂቱ ሰሌዳው ላይ ተቀመጠች። አውራ ጣቷ እጀታውን ሲያርገበግበው ብርሃኑ ካለፈው ቀን ይልቅ አንጀት በላ። አዘጋጁ ሲመጣ ታናሿ ቀድማ «የእሷ ሥራ ነው፤ የትናንቱም የእሷ ነበር» አለችው፤ ስለ ብሎኑ ግን ትንፍሽ አላለችም። አዘጋጁ ለታላቂቱ እጅ ነሳ፣ አመሰገናት፤ የናፈቀችውን ሁሉ አገኘች።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን እህቷን አሻግራ አየቻት፤ ቂም የለ ምን የለ፣ ከተዋናይቷ ጋር እየሳቀች ነው። እኔ ብሆን ይቅር እላት ነበር ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። አልልም። ይሄኔ ቅናቱ እንደ አዲስ ወጋ አደረጋት፤ አሁን የቀናችው በእህቷ እጅ ሳይሆን በእህቷ ልብ ነበር።