የቀሲስ ወልደኪዳን ምርቃት

ሃያ ሁለት ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ካምቢዮ ስፈታና ስገጥም፣ እጄን የባረከልኝ ቄስ የለም። ፍቅርተማርያም ግን ከጋራዤ ፊት ለፊት የራሷን ጋራዥ በከፈተች በዓመቷ፣ የአንኮበሩ ቀሲስ ወልደኪዳን መስቀላቸውን አውጥተው እጇን ባረኩላት። የመኪናቸውን ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ጠግና ማስረከቧ ነበር። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ቀሲስ መኪናውን ይዘው ሲወጡ፣ በሯ ላይ ያለው ዳገት በጋሪ ተዘጋባቸው። ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጅ ትንሽ ትንሽ እየሰጡ መኪናውን ዳገቱ ላይ አቆሙት። እንዲህ ያለውን ካምቢዮ የሚጨርሰው ይኸው ነው፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃዋን ትሰበስባለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። «አባ፣ ፍሬን ይያዙ» ማለት ምን ይከብዳል? ዝም አልኩ። ይቃጠልና ያ የተባረከ እጅ ይታያል!

በወሩ መኪናው ተጎትቶ መጣ። የቆመው ግን እኔ በር ላይ ነው።

«ፍቅርተማርያም ናት የላከችኝ» አሉ ቀሲስ። «‹እኔ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ነው። የአንኮበርን ዳገት የሚያውቁት ጋሽ ይስማው ናቸው፤ እሳቸው ይዩት› አለችኝ።»

ከዚያ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «በል እጅህን አምጣ፣ ልባርክልህ።»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ቆሽሿል፣ አባ» አልኳቸው።

ገና ማለዳ ነበር። የዚያን ቀን እጄ ዘይት አልነካም ነበር።