ልጄ የተናገረችበት ፊልም

ልጅቱ የመብራት ቆጣሪውን ማጥፊያ በሁለት ጣቷ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሳሎን ውስጥ እናቷ ከጎረቤታቸው ከጡረተኛዋ አስተማሪ ጋር ፊልም እያዩ ይስቃሉ።

«ይቺ ፈረንጅ በልጄ አፍ ታወራለች እኮ! እስቲ ስሚያት፣ ቁርጥ የኔዋ!»

ሥራዋ ለሚተረጎሙ የውጭ ፊልሞች ድምፅ መስጠት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የአስተናጋጅና የአላፊ አግዳሚ ድምፅ ስትሆን ኖራ፣ ዘንድሮ የዋናዋን ሴት ድምፅ ሰጧት። ፊልሙ የሚተላለፍበትን ቀን ከእናቷ ደብቃ ነበር፤ አስተማሪዋ ማስታወቂያውን አይተው ጉዱን አፈሉት።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሴትዮዋን እየጮኸች ወንዝ ይወስዳታል። የልጅቱን ታላቅ ወንድም ጎርፍ ከወሰደው አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ልጅ ከጮኸ የእናቷ ጉልበት ይከዳቸዋል። አምና ገበያ መሃል ራሳቸውን ስተው ወድቀው ሐኪሙ፣ «ድንጋጤ እንዳይነካቸው፤ ልባቸው አይችልም» ብሏል። ዛሬ ጠዋት ስቱዲዮ ሄዳ ጩኸቱን እንዲቀንስላት የድምፅ ባለሙያውን ብትለምነው፣ «እህቴ፣ ከእጄ ወጥቷል» አላት።

ታናሽ እህቷ ጋ ደወለች።

«አጥፊዋ! መብራት ሄደ በያት» አለች እህቷ።

«የጎረቤት ቤት እየበራ?»

«ለእናት ሲሆን ውሸትም ጽድቅ ነው። ቶሎ በይ!»

ስልኩን ዘጋች። የሳሎኑ ሳቅ ጸጥ ብሎ የውሃ ድምፅ መጣ። ማጥፊያውን ለቃ ሮጣ ገባች።

«እማዬ፣ እንዝጋው።»

«ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ!»

«ሴትዮዋን ውሃ ይወስዳታል። የምጮኸው እኔ ነኝ።»

እናቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አስተማሪዋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ልጅቱ የእናቷን ከንፈር አየች፤ ነጥቷል።

«ስንት ጊዜ አስጮሁሽ?» አሉ እናቷ በመጨረሻ።

«አንዴ። አንዱ በቃቸው።»

«አጠገብሽ ማን ነበር?»

«ማንም። የመቅረጫ ክፍሏ ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም።»

እናቷ ከጎናቸው ያለውን ትራስ አንስተው ቦታ ለቀቁላት።

«ብቻሽን ጮኸሽ መጥተሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ... ነይ፣ ተቀመጪ። ድምፁን ግን ቀንሺው።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትዮዋ ድልድዩን መሻገር ጀምራለች። ልጅቱ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ቀነሰች። አውራ ጣቷ መዝጊያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሪሞቱን ለአስተማሪዋ ሰጠችና እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።