የሎንዞ ረጅም ትንፋሽ

ሎንዞ ፔትዌይ ትራምፔቱን ከነካ ዓመታት አልፈዋል። ትራምፔቱ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው ሎንዞ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱን ደፍኗል፣ የላይኛው ጥርሱ በሙሉ የሐኪም ሥራ ነው፣ ሳንባው ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ያም ሆኖ በዚያ የሐምሌ ቅዳሜ ከቁርስ ጀምሮ፣ ጓሮው ባለው የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ቆሞ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ይነፋ ነበር። መኪናውን ውጭ አውጥተው በቦታው አንድ አሮጌ ኦርጋን፣ አንድ ድራም፣ ሁለት ሽማግሌና ሬኒታ ገብተዋል።

ጣጣውን ያመጣችው ሬኒታ ናት። የሟቹ ድራመራቸው ልጅ ናት፤ ቀን የዲትሮይትን የከተማ አውቶብስ ትነዳለች፣ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ከወጣትነቷ ጀምሮ ባልተለያት አሮጌ ሳምፕለር ሙዚቃ ትሠራለች። ሳምፕለሩ ግራጫ ሳጥን ነው። የሰማውን ድምፅ ይቀዳና ፊቱ ላይ ካሉት ቁልፎች በአንዱ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ያው ድምፅ ተመልሶ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው በየነሐሴው ቤል አይል ደሴት ላይ ሲገናኝ የነሎንዞን የድሮ ባንድ፣ የሊንውድ ባንድን ዘፈን ይጠይቃል፤ ባንዱ ግን የለም። ድራመሩ ሞቷል። ኦርጋኒስቱ ኦርጋኑን ሎንዞ ላይ ጥሎ አትላንታ ገብቷል። የቤዝ ጊታሩ ባለቤት ዲያቆን ሆሬስም ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውታል። ሬኒታ ታዲያ የያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ጥቂት ጥቂት ልቅዳና ዘፈኑን በሳጥኑ ልጫወትላችሁ፣ እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተመስገኑ አለቻቸው።

ችግሩ ሳጥኑ የሚይዘው ተደምሮ አሥር ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሆሬስ ይህን ሲሰማ ስልኬ እንኳ የፓስተሩን ስብከት በሙሉ ይይዛል፣ ያውም የኛን ፓስተር፣ ብሎ ተሳለቀ። ሬኒታ አልተቀየመችም። ስልክ ድምፁን አጥቦና ተኩሶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ይሄ ግን ትንሽ ያሻክረዋል፣ ስትሰሙት የገዛ ሸክላችሁን ነው የሚመስላችሁ አለች። የአባቷን ድራም አንዴ መትታ ቀዳችና በሳጥኑ ስታሰማቸው ሆሬስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ከዚያ በኋላ አሥሯን ሰከንድ እንደ ውርስ መሬት ተከፋፈሏት። ድራሙ ምቱ አጭር ስለሆነ ብዙ አልፈጀም። ኦርጋኑን ሬኒታ ራሷ ነካካችው። ሆሬስ በቀሩት ጣቶቹ አራት ድምፅ አወጣና አምስተኛ ካልተጨመረልኝ ብሎ ተከራከረ። ሎንዞ የጠየቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ከሁሉም የበለጠ ቦታ ትበላለች።

ሎንዞ በሕይወቱ የሚታወቀው በዚያች ድምፅ ነው። ዘፈናቸው የሚጀምረው በሷ ነበር። አዳራሹ ሙሉ እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ሎንዞም ትንፋሹ እስኪያልቅ ይነፋል፤ እጅ የሚወርደው፣ ጭፈራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይሞት አንድ ጊዜ ደግሞ ቤል አይል ላይ እንድትሰማለት ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ሬኒታ መጀመሪያ ልታሳርፈው ሞክራ ነበር። አጭር ድምፅ ቀዳችና ሳጥኑ እየደጋገመ እንዲያስረዝማት አደረገች። ድምፁ ሳይነቃነቅ፣ ሳይደክም፣ እንደ ፍሪጅ ቀጠለ። ሎንዞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ? አምቡላንስ ጥሩለት እንጂ» አለ።

ስለዚህ የግዱን ነፋ። ተሳሳተ፣ አሳለው፣ ጥርሱን አስተካከለ፣ ውኃ ጠጣ፣ ደግሞ ነፋ። ወደ ቀትር ገደማ መጣችለት። እንደ ወጣትነቱ ባትረዝምም ጥርት ብላ ወጣች፤ መጨረሻዋ ላይ የምትንቀጠቀጠው የሎንዞ የራሱ መንቀጥቀጥም አልቀረችም። ሬኒታ ተያዘ ስትለው ሣር ማጨጃ መኪናው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ባለቤቱ ቬርሊን የገባችው ይህን ጊዜ ነው።

«ከመንገድ ሰማሁህ፣ አንተ ሽማግሌ» አለችው። እጇ ላይ ታምቡሪኗ አለች፤ ክብ ሆና ዙሪያዋን ትናንሽ ሻኩራ የተሰካባት። እህቷ ቤት ተረስታ ስለነበር ጠዋት ኢንክስተር ከተማ ድረስ ነድታ አምጥታታለች። ከንፈሯንም ተቀብታለች። «በሉ፣ የኔ ተራ ነው» አለች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ሰከንድ ሲጣሉ አንዳቸውም ቬርሊንን አላነሱም። ድሮም በማስታወቂያው ላይ የአራቱ ወንዶች ስም ነበር የሚጻፈው፣ እሷ ግን ከነታምቡሪኗ በየመድረኩ ነበረች። ሬኒታ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን አየችና ሞልቷል አክስቴ አለች።

ቬርሊን አልተቆጣችም። ታምቡሪን ያው ታምቡሪን ነው፣ ከቀዳሽው ድምፅ አንዱን በቦታዋ ተኪ አለች። ከዚያም ታምቡሪኗን ወደ ከረጢቷ መለሰቻት፤ ሻኩራዎቹ እንዳይጮሁ በመዳፏ አፍና ነበር የያዘቻቸው። ቲማቲሟን ውኃ ላጠጣ ብላ ወጣች።

ሎንዞ ያችን መዳፍ አየ። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ሬኒታ፣ የኔን ቁረጪና ቦታ ስጫት።»

«አጎቴ፣ ከቆረጥኩት አይመለስም እኮ። ደግመህ ትነፋዋለህ?»

«ደግሜ ብነፋ የምትቀጂው የመጨረሻ ትንፋሼን ነው።»

«ሰው የሚጠብቀው እኮ እሱን ነው» አለ ሆሬስ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ቁረጪው አልኩሽ።»

ሬኒታ ቆረጠችው። ከሎንዞ ትንፋሽ መነሻዋ ብቻ ተረፈች፤ አንድ ጊዜ ብልጭ የምትል። እሱ ወደ ደጅ ወጥቶ ቬርሊን፣ ቦታ ተረፈ ብሎ ተጣራ። ከየት ተረፈ ብትለው ሆሬስ ቤዙን አሳጠረ አላት። ዋሽቶ የማያውቀው ዲያቆን ጣሪያውን ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። ቬርሊን እጇን በቀሚሷ አድርቃ ገባች፣ ታምቡሪኗን አንዴ በመዳፏ፣ አንዴ በዳሌዋ መታች፤ ማቆሚያ ቤቱ ሞቅ አለ። ሎንዞ አብሮ ሳቀ እንጂ፣ ያችን ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስባት ከረመ።

በነሐሴ ቤል አይል ላይ የጎን አጥንት ጥብሱ ጢስ ከወንዙ ነፋስ ጋር ይታገል ነበር። ሬኒታ ሳጥኑን የድንች ሰላጣው ጎን አስቀምጣ፣ የሊንውድ ባንድ ስትል ሽማግሌ አሮጊቱ ከታጣፊ ወንበሩ ተነሣ። ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም እጃቸውን ሰቀሉ። ሎንዞ መሬት መሬቱን አየ።

ትራምፔቱ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ወዲያው ታምቡሪኗ ገባች። የተሰቀሉት እጆች ለአፍታ አየር ላይ ግራ ተጋብተው ቀሩ፤ ከዚያ እግር ሥራውን ስለሚያውቅ ጭፈራው ተጀመረ። አንዱ ከመሀል ሎንዞ፣ ትንፋሽህን የት ጣልከው ብሎ ጮኸበት። ሎንዞም እርጅና ነው አለና እጁን አወናጨፈ።

አጠገቡ የተቀመጠችው ቬርሊን ግን ዞር ብላ ታየው ነበር።

«እርጅና አይደለም። ያን ቀን ሙሉውን ስትነፋው ሰምቻለሁ» አለች።

ሎንዞ ፊቱን ወደ ጭፈራው አዞረ።

«ሆሬስ ቤዙን አላሳጠረም፣ አይደል?»

«አላሳጠረም» አለ ሎንዞ።

ቬርሊን ሳህኗን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ እርጥብ ብሏል፣ አፏ ግን አልተሸነፈም።

«ሃምሳ ዓመት ትንፋሽህ እስኪያልቅ ታምቡሪን ሰቅዬ ስጠብቅ ኖርኩ። ትከሻዬን ያመመኝ በምን ይመስልሃል?»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«መቼ ፋታ ሰጠኸኝ?» አለችና ቀና ብላ ወደ ጠረጴዛው ተጣራች። «ሬኒታ፣ ከመጀመሪያው መልሺው!» ከዚያ እጇን ዘረጋችለት።

ሎንዞ ከማቆሚያ ቤቱ እስከ ኩሽናው ሲሄድ እንኳ ሁለቴ የሚያርፍ ሰው ነው። ለመነሣት ግን ትንፋሽ አላጠረውም።