የማለዳ ኳኳታ

መሀል ከተማው ፈርሶ ፎቅ በፎቅ ከመሆኑ በፊት እኔና ልብስ ሰፊዋ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤታሞች ነበርን። ሁለታችንም ብቻችንን ስለምንኖር፣ ጠዋት ስትነሳ ግድግዳውን በመቀሷ እጀታ ታንኳኳለች፤ እኔም መልሼ አንኳኳለሁ። “አለሁ” ማለታችን ነው። ዝም ካልኩ በሬን ሰብራ ትገባለች፤ ውላችን ነበር።

አፓርታማው ሲያልቅ ዕጣ ለያየን። እሷ ሰባተኛ ፎቅ፣ እኔ አንደኛ። ሊፍቱ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቆማል፤ የእኔም ጉልበት እንደ ሊፍቱ ነው። እሷ ግን ልማዷን መች ትታ! ግድግዳ አገኘች፣ አንኳኳች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ግን እንቅልፉን የሚወድ ጎረምሳ ነው። ለጥበቃው ከሰሳት። “ማዘር፣ ሰው እየረበሹ ነው” ተባለች። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር።

“ይልመድ! ቀስ እያለ መልሶ ማንኳኳት ይጀምራል።”

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ? ቅርበቱ የሲሚንቶ ብቻ ሲሆንስ?

ሰሞኑን ድምጿ ጠፋብኝ። ስልኳም አይነሳ። ጉልበቴን እየረገምኩ፣ በየፎቁ ደረጃው ላይ እየተቀመጥኩ ወጣሁ። በሯን ብደበድብ መልስ የለም። የጎረምሳውን በር አንኳኳሁ።

“ልጄ፣ ጎረቤትህን አይተሃቸዋል?”

“አላየኋቸውም” አለኝ፣ ፊቱ ፈካ ብሎ። “እርስዎ ነግረዋቸው ከሆነ ግን እግዜር ይስጥልኝ። ይኸው ሰሞኑን ማንኳኳቱን ተዉልኝ።”