ናቢን ቀድሞ በአማርኛ ያናገረ

3.

«ሄሎ ማይ ሲስተር! ዌር ዩ ጎ?»

የታክሲው ረዳት ነው። ተቃጠልኩ!

ከሦስት የጀመርኩት ተናድጄ ስለነበር ነው። እሺ፣ እሺ፣ አትቆጡ፤ አንድና ሁለት ይኸውላችሁ።

1.

ረድኤት እባላለሁ። ላገባ ነው። (እልል በሉ እንጂ!)

ናቢ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሙሉ ስሟ ኛቦል ነው፤ የጋምቤላ ልጅ። ሥራችን ስልክ ማንሳት ነው፦ ደንበኛ ይደውላል፣ ይጮህብናል፣ እናባብለዋለን። ከሁላችንም የሚወደደው የእሷ ድምፅ ነው። ካላመናችሁ፦

ደንበኛ፦ አንቺ ልጅ፣ የመንዝ ልጅ ነሽ?
ናቢ፦ ምን ልታዘዝ ጌታዬ?
ደንበኛ፦ ቅሬታዬስ ይቅር። አግብተሻል?

2.

አንደኛ ሚዜዬ ሁኚ አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ፣

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ ‹ሚዜዋ ከየት አገር ናት?› ሲል ሊውል? በገዛ አገሬ እንግዳ ሆኜ ፎቶ አልነሳም፣ ረዲዬ።»

«ኧረ አታካብጂ! ሁላችንም ጥቁር አይደለን እንዴ?»

«እሱን መንገድ ላይ ላሉት ንገሪልኝ።»

ተወራረድን። ቅዳሜን አብረን እንውላለን። እሷም እኔም ቀድመን አንናገርም። አይቷት የማያውቅ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቀድሞ በአማርኛ ካናገራት ሚዜዬ ትሆናለች። ከጠፋ፣ ቀረ።

እየሳቅኩ ጨበጥኳት። የማሸንፍ መስሎኝ!

3. (እንደገና)

ናቢን «ሲስተር» ያላትን ረዳት አይታችሁታል። እንለፈው።

4.

አንድ የገበያ ሕንፃ ልንገባ ስንል፣ በሩ ላይ ፈታሿ እኔን በእጇ ግቢ አለችኝ። ናቢን ግን፣

«ፓስፖርት?»

ናቢ መታወቂያዋን አወጣች። ፈታሿ ፊትና ኋላውን እያገላበጠች አየችው። የእኔን ማን ጠየቀ?

ማንም።

5.

ሽሮ ሜዳ፣ ልብስ ቤት። እዚህ አጭበረበርኩ። ናቢ ጀርባ ቆሜ፣ ወደ አፌ እየጠቆምኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ «በአማርኛ! በአማርኛ!» እለዋለሁ ነጋዴውን። አየኝ። በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ጆሮዋ የማይሰማ መስሎት ሰፈር እስኪሰማ ጮኸ፦

«ሲስተር! ካልቸር ድሬስ! ቬሪ ናይስ!»

ናቢ፦ ጥለቱ ደመቀብኝ፤ ረጋ ያለ የለህም?
ነጋዴው (ለእኔ)፦ ውይ! አማርኛ ትችላለች እንዴ?
እኔ፦ እሷን ጠይቃት።
ነጋዴው (አሁንም ለእኔ)፦ ከየት ነው የመጣችው?
ናቢ፦ ከዚሁ።
ነጋዴው፦ አይ፣ ከመጀመሪያው ማለቴ ነው።
ናቢ፦ ከመጀመሪያውም ከዚሁ።

ደጅ ወጥተን፣ ተደጋግፈን፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። የእሷ ሳቅ ከእኔ ቀድሞ አለቀ።

6.

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንድ ዓይነ ስውር አባት ተቀምጠዋል። የናቢን ኮቴ ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ስለ እመብርሃን!»

ዘለልኩ! ጨፈርኩ! መንገደኛው ያበድኩ መሰለው።

«በአማርኛ! አሸነፍኩ!»

«አይቆጠርም!»

«ለምን አይቆጠርም?»

«አላዩኝማ!»

«ምንድን ነው የማይቆጠረው?» አሉ አባት ግራ ገብቷቸው።

ናቢ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች። «የሠርግ ነገር ነው አባቴ።»

«እሰይ! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?»

«ሚዜዋ ነኝ።»

ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

7.

ሰማችሁ አይደል? ትፈልጋለች! ከዚህ ወዲያ ማን ይቀልዳል? ያለ ናቢማ አላገባም። የቀረችኝ አንዲት ተስፋ ብቻ ናት።

እናቴ።

እናቴ ቢሮ ትደውላለች፤ እኔ ሌላ መስመር ላይ ከሆንኩ ናቢ ታነሳለች። «ናቢዬ፣ የኔ ማር፣ ምሳ በላሽ?» ትላታለች። አንዳንዴማ ሁለቱ አውርተው አውርተው እኔን ሳትጠይቅ ትዘጋለች። አይታት ግን አታውቅም። የጋምቤላ ልጅ መሆኗንም አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልጀምር?¹

በራችን ጋ ስንደርስ ናቢ ክንዴን ያዘችኝ።

«ረዲ፣ እዚህ ላይ ይብቃን።»

«ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ ፈራሁ። ረዳቱ የፈለገውን ቢለኝ ከታክሲው ስወርድ እረሳዋለሁ። እናትሽ እትዬ በለጥሻቸው ግን ‹በላሽ?› የሚሉኝ፣ ለእኔም እናት ናቸው። እሳቸው በእንግሊዝኛ ከጀመሩኝ የት እገባለሁ?»

ቀኑን ሙሉ ስገለፍጥ የዋልኩት ሴትዮ መሳቄን ተውኩ። ልክ ናት። እንመለስ ልላት ፈለግኩ።

ደወሉን ግን ቀድሜ ተጭኜዋለሁ።

———
¹ እዚህ ቦታ ላይ ሰበብ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት።

8.

የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ በሩ መጣ።

«ማነው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

ናቢ በሹክሹክታ፦ «አይቆጠርም።»

እኔም በሹክሹክታ፦ «አውቃለሁ።»

ዝም አልን። ሕጉ ሕግ ነው። ናቢ አንድ ቃል ብትተነፍስ እናቴ በድምፅዋ ታውቃት ነበር፤ አልተነፈሰችም። እጄን ጨምቃ ይዛዋለች።

መቀርቀሪያው ተሳበ። እናቴ ብቅ አለች። እኔን አላየችኝም፤ ናቢን ነው ያየችው። ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ነጠላዋን አስተካከለች። ፈገግ አለች። አፏን ከፈተች።

9.

ይህን ቁጥር እኔ አልጽፈውም።

እናቴን ወደ ጓዳ መልሻታለሁ። በሩን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። ናቢ ደጃችሁ ቆማለች፤ ትንፋሿን ውጣለች። ደግ ሰው ናችሁ፣ አውቃለሁ፤ ፈገግታችሁም ከልብ ነው። እናቴም ደግ ናት። ነጋዴውም ክፉ ሰው አልነበረም።

በሉ፣ አትቆዩባት። ምን አላችኋት?

«                                        »