ቀለም ይቀየራል ተብለን ነበር

ተያዘች! ወንጀለኛዋ ተያዘች! የጡሩምባን ጉበት ስታምስ የከረመችው ክኒን ዛሬ ጠዋት እጅ ከፍንጅ ተያዘች!

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲዘሉ ብታዩ! እናትየው ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን ትስማለች። የላብራቶሪው ሰውዬ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ "ይቅርታ፣ ውጤቱን በደንብ አይታችሁታል? የጉበቷ ጉዳት ቁጥር ጨምሯል እኮ!" አላቸው።

"አይተነዋል! ጨምሯል!" አለ አባቷ፣ እንደ ሎተሪ ወረቀቱን እያውለበለበ። "ተመስገን ነው እንጂ!"

ሰውየው ቀስ ብሎ መስኮቱን ዘጋው። አይፈረድበትም።

ቆይ ቆይ፣ እንዲህ ከሆነማ አይገባችሁም። ከመጀመሪያው ይሁን።

ጡሩምባ የሚሏት የትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ጡሩምባ ስለምትነፋ ነው። ጓደኛዋ ክብሪት ግን "አንቺ እንኳን ይዘሽው፣ ሳትይዢውም ያው ነሽ" ትላታለች። ታዲያ አንድ ሰሞን አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያህል ነገር አበጠባት። ቢመረመር የእጢ ቲቢ ሆነ። "ሰው ላይ አይጋባም፣ ደግሞም ይድናል፤ ስድስት ወር ክኒን መዋጥ ብቻ ነው" ተባለ። እሷም እንባዋን ጠረግ አድርጋ "ጡሩምባ መንፋት እችላለሁ?" ብላ ጠየቀች። ትችያለሽ ተባለች። በቃ፣ ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አላለቀም!

ክኒኑን የሰጠቻቸው ሲስተር ነፍስ የሆነች ሴት ናት። አወሳሰዱን ሁሉ ስታስረዳ ቆየችና መጨረሻ ላይ አባትየውን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እ... ቀለም ይቀየራል። እንዳትደነግጪ እሺ?"

በቃ፣ ይህችን ብቻ። የምኑ ቀለም? አባት እዚያ ተገትሮ እንዴት ብላ "ሽንት" ትበል! ይሉኝታ ያዛት። አባትየው ደግሞ ሥራው ቤት መቀባት ነው፤ ቀለም የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። "የቀለሙን ነገር ለእኔ ተይው ሲስተር" ብሎ አሳቃት።

እውነትም ወዲያው የጡሩምባ ሽንት ብርቱካንማ ሆነ። ለእናቷ በጆሮዋ ነገረቻት፤ እናቷ ለአባቷ ነገረች፤ "ይኸው፣ እንደተባለው!" ተባለና ቤቱ በሙሉ ተረጋጋ።

ከዚያ ምግብ እያስጠላት መጣ። እናቷ ድስት በከፈተች ቁጥር ልጅቷ አፏን ይዛ ወደ ደጅ ትሮጣለች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል። ጡሩምባውን ስታነሳ ልክ የሰው ልጅ ያቀፈች ይመስል ይከብዳታል። ሽንቷም ከብርቱካንነት አልፎ ጥቁር ሻይ መሰለ።

"ሁለተኛው ቅብ ነው" አለ አባቷ፣ ብሩሹን እያጠበ። "የመጀመሪያው ሁልጊዜ ስስ ነው። ሁለተኛው ነው የሚደምቀው።"

ሳቁ! ሦስቱም ሳቁ እኮ!

እናቷ አንድ ቀን አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። "አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው?"

"እማዬ ደግሞ! ቀለም ይቀየራል ተብሏል እኮ!"

"የዓይንም?"

"ቀለም ከተባለ ቀለም ነዋ!"

የተረፈችው በክብሪት ነው። ክፍል ውስጥ ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው በስልክ ፎቶ ተነሱና ክብሪት ገና ስታየው ፊቷን አጨማደደች። "ኧረ ይሄን ፊልተር አጥፊው! የበሰለ ሙዝ አስመስሎሻል።"

"ፊልተር የለውም።"

"እንዴ፣ ታዲያ እኔን ለምን አላስመሰለኝም?"

ክብሪት ስልኩን አየች፣ ጡሩምባን አየች፣ መልሳ ስልኩን አየች።

"አንቺ... ይሄ የወፍ በሽታ ነው።"

"ክንፍ ሊያወጣልኝ ነዋ! በራሪ ጡሩምባ!"

ክብሪት አልሳቀችም። እጅጌዋን ይዛ እየጎተተች ወደ ቢሮ ወሰደቻትና ራሷ ለአባትየው ደወለች።

አባቷ የቀለም ጠብታ ያለበትን የሥራ ልብሱን እንኳን ሳይቀይር መጣ። ሆስፒታል ያገኘቻቸው ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ የጡሩምባን የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ እስኪሆን ለምን ዝም አላችሁ?"

"ቀለም ይቀየራል ተብለን ነበር" አለ አባቷ።

"የምኑ ቀለም?"

አባት ልጁን አየ፣ ልጅ አባቷን አየች። ሲስተር በሩ ጋ ቆማ ነበር። "የ... የሽንት" አለች፣ የማይሰማ በሚመስል ድምፅ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

አባትየው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። "እኔ ደግሞ ሁለተኛ ቅብ እላለሁ" አለ። ጡሩምባ አባቷ ሲቀልድ እንጂ እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። ያኔ ነው ጠጋ ብላ እጅጌውን የያዘችው።

ዶክተሯ ነገሩን ፍርጥ አድርጋ አስረዳቻቸው። ክኒኗ አንድ ትምሰል እንጂ ውስጧ አራት መድኃኒት ታጭቋል። ከአራቱ አንዱ ጉበቷን እየጎዳ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም ይቁም። ግን ለሁልጊዜ ከቆመ ቲቢው ይገነፍላል። ስለዚህ ጉበቷ እስኪረጋጋ ተጠብቆ፣ አራቱ በየራሳቸው ክኒን ተለይተው አንድ በአንድ፣ ደም እየተመረመረ ይጀመራል።

"ማለት ተጠርጣሪዎቹን በተራ እናስገባቸዋለን?" አለች ጡሩምባ፣ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ።

"እንደዚያ በይው" አለች ዶክተሯ፣ ሳቋ አመለጣት።

ሆስፒታል ተኛች፣ እየቆየም ዓይኗ ነጣ። ከዚያማ ቤቱ ፖሊስ ጣቢያ ሆነ! አንደኛው መድኃኒት ጉበት ስለማይነካ በነፃ ተለቀቀ። ሦስት ቀሩ። ቀዩን "አለቃ" አሉት፣ ምክንያቱም ዋናው ገዳይ እሱ ነው፤ ቲቢውን ማለቴ ነው! ትንሿን "ሚጢጢ"፣ ትልቋን ነጭ ደግሞ "ድብልብል"። የተሸነፈ ሳህን ያጥባል ተባለ። እናቷ ሚጢጢን ጠረጠረች፤ "ዝም የሚሉትን ነው መፍራት" አለች። ክብሪት ድብልብልን። አባቷ ግን አልወራረድም ብሎ ድርቅ አለ፤ "አለቃ ብቻ አይሁን እንጂ እኔ ዕድሜ ልኬን አጥባለሁ!"

አለቃ ወንጀለኛ ከሆነ ጉድ ፈላ። ሕክምናው ከዓመት በላይ ይጎተታል፣ ደካማ በሆኑ መድኃኒቶች። ከሌሎቹ ሁለቱ አንዷ ከሆነች ግን ጥቂት ወር ተጨምሮ ያልቃል። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ እንቅልፍ የነሳቸውም ይሄው ነው።

አለቃ ተጀመረ። ደም ተሰጠ። አባትየው ውጤቱን ማየት ፈርቶ ግድግዳውን ሲያይ "ይሄን ማን ነው የቀባው፣ እጁን አሞት ነበር እንዴ?" እያለ ያጉረመርማል። ንፁህ! አለቃ ንፁህ ነው! ሚጢጢ ገባች። እሷም ንፁህ። ድብልብል ገባች፣ ዛሬ ጠዋት ደም ተመረመረ፣ እና ቁጥሩ ሽቅብ!

ለዚህ ነው ኮሪደሩ ላይ ያበዱት። ዶክተሯም መጥታ አረጋገጠችላቸው፤ "ቶሎ ስለያዝናት ጉበትሽ ይመለሳል። ድብልብልን ግን ዳግመኛ በአፍሽ እንዳታዞሪያት።" ክብሪት በስልክ "ሳህኑን ለማን ላስረክብ?" ብላ ጮኸች።

እና እንዲህ እየተሳሳቁ ሊወጡ ሲሉ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ልጅ የጡሩምባን እጅ ያዘቻት። እኩያዋ ናት። አንገቷ ላይ እንደ እሷው እብጠት አለ። ጭኗ ላይ ገና ያልተከፈተ የክኒን እሽግ። እናትየው ከጎኗ የልጇን ክንድ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች።

"ይሄን ሁሉ መርዝ ልጄ አትውጥም" ትላለች ሴትየዋ። "አንድ፣ አንድ ክፉ ነገር ልስማ ብቻ፣ ይዣት እብስ ነው!"

ልጅቷ ወደ ጡሩምባ ጠጋ አለች። "ስትጨፍሩ አየኋችሁ። አንቺም ይሄን ነው አይደል የምትወስጂው? ምንም አላደረገሽም አይደል?"

ጡሩምባ አፏን ከፈተች። ምንም አላደረገኝም ካለች ልጅቷ ነገ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ቤቷ ቁጭ ትላለች። የሆነውን ከተናገረች እናትየዋ ክኒኑን እዚያው ጥላ ልጇን ከነቲቢዋ ይዛ ትሄዳለች። ሴትየዋ ደግሞ አፏን አፏን እያየቻት ነው!

በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?